ንጋት የተቀበለችው ግጥም

ታኅሣሥ 19

ዛሬም ስፌት። ጥምቀት ደረሰ፣ የቡሬ ሴት ሁሉ ቀሚሷን ተሸክማ እኔ ደጃፍ። ወገቡን አጥብቢልኝ፣ ወገቡን አስፊልኝ... ሰው ሲከሳና ሲወፍር ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ።

ከጓዳ ልጄ ንጋት ማሲንቆዋን ትገዘግዛለች። ጓደኞቿ ይከተሏታል፣ አንዷለም በዋሽንት፣ ሰብሊ በከበሮ። ሦስቱም አሥራ ሁለተኛን ጨርሰው ነጥብ ያልመጣላቸው። ለማንስ መጣለትና?

ጎረቤቴ ያምሮት ክር ልትበደር መጥታ ጆሮዋን አቆመች። «ሸጋዬ፣ ልጅሽን አዝማሪ ልታደርጊያት ነው?»

«ያንቺ ልጅ ስልክ ሲዳብስ ይውል የለ? የኔዋ የፈረስ ጭራ ብትዳብስ ምን አለ?» አልኋት። ሳቅን። ግን ነገሩ ከጉሮሮዬ አልወረደም። አዝማሪ... የኔ ልጅ?

ታኅሣሥ 24

የአክስቴ ልጅ ጥሩዬ ልጇን ልትድር ነው፣ ከሽንዲ ወዲህ ገጠሩ። ጥር 16። «ንጋት ከነጓደኞቿ ትጫወትልን» ብላ ላከች። ልጆቹ ጓዳዬን በጭፈራ ሊያፈርሱት። የመጀመሪያ ሠርጋቸው ነው።

የኔ ልብ ግን ሌላ ጋ ሄደ። ወንድሜ ዳኘውም ይጠራል፣ ባላንጣው ስመኘውም ይጠራል። ጥሩዬ ለሁለቱም ዘመድ ናት፣ እንዴት አንዱን ትተው?

ከተጣሉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ጠቡ የግጦሽ ድንበር ነበር። የስመኘው ልጅ ባዬ የወንድሜን ልጅ መሐሪን በዱላ ክንዱን አለው። ክንዱ ዳነ፣ ጣቶቹ ግን አልጨብጥ አሉ። የገበሬ ልጅ እርፍ ካልጨበጠ ምን ቀረው? ዳኘው ካሣ አልቀበልም አለ። ሽማግሎቹን መለሰ። «ከስመኘው ጋር ቃል ከተነጋገርሁ እናቴ አልወለደችኝም» ብሎ ማለ። ባንድ ወንዝ ይጠጣሉ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ፣ ሰላምታ የለም።

ያ ዝምታ ነው የሚያስፈራኝ። ከዝምታ ቀጥሎ የሚመጣውን መች አጣሁት... በዚህ ዘመን ደግሞ። ስንቱን ቀበርን።

ጥር 4

ንጋትን «ቅሪ» ልላት ፈልጌ ዙሪያውን ዞርሁ።

«ሠርግ ቤት ሰካራም አይጠፋም። ግጥም ይሰጥሻል። ተቀበይ ካለሽ መቀበል ነው። አልቀበልም ያለ አዝማሪ ሰውየውን ሰደበ ማለት ነው።»

«አውቃለሁ፣ እማ። እንዳሉት ነው የምል።»

«ክፉ ቢሰጡሽስ?»

«እሱን ያኔ አስባለሁ። አሁን ቀሚሴን ስፊልኝ፣ የሰው ሁሉ ሰፍተሽ የኔ ቀረ።»

ሰፋሁላት። ምን ላድርግ?

ጥር 14

መንገዱ ክፍት ነው አሉ። ነገ እንሄዳለን። ደግ ያሰማን።

ጥር 17

ትናንት መጻፍ አልቻልሁም።

ዳሱ ሙሉ ሰው። ጥሩዬ ዳኘውን በቀኝ፣ ስመኘውን በግራ፣ አራርቃ አስቀምጣቸዋለች። ልጆቹ መጀመሪያ ፈርተው ነበር፣ የንጋት ድምፅ እንደ ጥጃ ይንቀጠቀጥ ነበር። በኋላ ግን! አሮጊቱ ሁሉ እስክስታ። አንዷለም ዋሽንቱን ሲነፋ አንድ ሽማግሌ «ይኸን ቃና ከሰማሁ ስንት ዘመኔ» ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ከዚያ ጌታሁን ተነሣ። የሩቅ ዘመዳችን ነው፣ ጠላ ከቀመሰ ምላሱ አይታሠርም። ዓይኑን ዳኘው ላይ ተክሎ ንጋትን «ተቀበይ!» አላት።

ጠላትህ ቁጭ ብሎ ጠላ ሲቀዳለት፣
ዳኘው በለው እንጂ፣ ምን ዝም አልህለት?

በለው ማለት ምታው ማለት እንደሆነ የጠፋው የለም። የዳኘው እጅ ወደ ዱላው ሄደ። ከወዲያ ባዬ ብድግ አለ። እኔ... ማርያም ማርያም ብቻ።

ንጋት ተቀበለች። አንድ ቃል ሳታጎድል፣ እንዳለው። ሰብሊ ከበሮውን አቆመች። ንጋት ግን «በለው» የምትለዋን አልለቀቀችም። በለው... በለው... ድምፅዋን እየቀነሰች፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። ከዚያ ከራሷ ጨመረችበት፦

«እንዴት ዋልህ» በለው፣ ልጅ እንዲያድግበት።

ሴቶቹ እልል! ሽማግሎቹ «አበጀሽ! አበጀሽ!»

ጌታሁን «እኔ እንዲህ አላልሁም!» ቢል ማን ይስማው። «በለው አልህ፣ በለው አለችልህ! ምን ጎደለህ?» አሉት። ሳቁ ዳሱን ሊያነሣው።

ባዬ ተቀመጠ። ዳኘው ግን አልሳቀም። ዱላውን ይዞ ወጣ። በንጋት አጠገብ ሲያልፍ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

ጥር 21

አስተርዮ ማርያም። ሥራ የለም። ንጋት እህል አልቀምስ አለች። «አያ ዳኘውን ሰው ፊት አዋረድኋቸው» ትላለች። ልደውል ብል ኔትወርክ የለም። ቢኖርስ ምን እለዋለሁ?

ያምሮት መጣች። «አዝማሪዋስ?»

«ደኅና ናት አዝማሪዋ» አልኋት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አልከበደኝም። ምን ነካኝ?

ጥር 29

ዳኘው መጣ! በርበሬ ሊሸጥ ቡሬ ወጥቶ። ደጃፉ ላይ ቆሞ አልገባም አለ።

«ያቺ ልጅሽ አለች?»

«ምን አደረገችህ?»

«አገር አሳጣችኝ እንጂ ምን ታድርገኝ፣ እታለም!»

ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ የመንደሩ ልጅ ሁሉ ያን ግጥም ይዞታል አለኝ። ከብት ጠባቂው፣ ውኃ ቀጂዋ፣ ዲያቆኑ ሳይቀር። እሱና ስመኘው መንገድ ላይ በተላለፉ ቁጥር ካጥር ሥር፣ ከዛፍ ላይ «በለው! በለው!»

«የገዛ ልጄ መሐሪ፣ በገዛ ቤቴ ያፏጨዋል!»

ሳቄን በምሰፋው ጨርቅ ደበቅሁት። «እና?»

«ምን እና አለው! ትናንት ወንዝ ብወርድ ስመኘው ከማዶ። ልጆቹ ከላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ፣ ጉግስ ሊያዩ የመጡ ይመስል። ምን ላድርግ? እንዴት ዋልህ አልሁት። በቁጣ ነው ደግሞ ያልሁት።»

«እሱስ?»

ዳኘው ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ። «አለቀሰ። እግዜር ይመስገን ማለት አቅቶት ቆሞ አለቀሰ።»

ባጃጅ አለፈ፣ ሌላ ባጃጅ አለፈ...

ንጋት ከጓዳ ወጥታ እግሩ ላይ ወደቀች። አነሣት። «መሐላዬን አፍርሻለሁና የንስሐ አባቴ ስግደት አዘውብኛል» አላት። «ግማሹን አንቺ ትሰግጃለሽ። የኔ ጉልበት አይችለውም።» ሳማት። ያን ጊዜ ገባ፣ ተቀመጠ፣ በላ።

የካቲት 8

ሽንዲ ገጠር፣ ከነልጆቹ ዳኘው ቤት ነኝ። ሽማግሎቹ ባለፈው እሁድ አስታረቋቸው፣ ካሣውም ተቀበለ። አፍ ግን ይታረቃል፣ ሆድስ? እያልሁ ነበር የመጣሁት።

ዛሬ የዳኘው ጤፍ ይወቃል። ደቦ ነው። መሐሪ ባንድ እጁ መንሹን ሊያነሣ ይታገላል፣ ሰውም እንዳላየ ያልፈዋል። ስመኘው ማንም ሳይጠራው ከነልጁ መጣ። ባዬ ማንንም አላየም። ቀጥ ብሎ መሐሪ ዘንድ ሄዶ መንሹን ከእጁ ወሰደ። «አንተ ዘፈኑን አውጣ፣ እኔ ያንተን ልሥራ» አለው።

መሐሪ ባዬን ትኩር ብሎ አየው። ይመታው ይሆን? ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና ዜማውን አወጣ። ቀጭን ድምፅ ነው ያለው... ይኸን ሁሉ ዓመት አላውቅም ነበር። ንጋትና አንዷለም ሮጠው ማሲንቆና ዋሽንት አመጡ። ገለባው ወርቅ መስሎ ይበናል። ባዬ ሲሠራ ዋለ፣ የሁለት ሰው ሥራ። አመሻሹ ላይ ከመሐሪ ጋር ባንድ ገበታ ቀረቡ። ብዙ አላወሩም። መሐሪ እንጀራ ሲያጥረው ባዬ ወደሱ ገፋ አደረገለት።

ልንነሣ ስንል አንድ ሽማግሌ በእግራቸው ከማዶ ቀበሌ መጡ። የማናውቃቸው ሰው። ዣንጥላቸውን ተደግፈው፣ «እኛም አገር የማይነጋገሩ ሁለት ቤቶች አሉ» አሉ። «ልጆቹ መቼ ይመጡልናል?»

ንጋት ወደኔ ዞረች። ልታስፈቅደኝ።

«መንገዱ ክፍት ከሆነ ነገውኑ!» አልኋቸው፣ እሷ አፏን ሳትከፍት።