አንድ ናቸው ስለተባሉት የአባቴ መጻሕፍት

ለክቡር አቶ ቢሻው፣
የንፋስ መውጫ «ብርሃነ ጥበብ» ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና በቅርቡ ለተሰጠዎት ወንበር ሰላምታዬ ይድረስዎ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ በርዎ ላይ ያስለጠፉትን ማስታወቂያ ካነበብሁ ወዲህ ግን እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም።

ማስታወቂያው በኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉ ተደጋጋሚ ፋይሎች ዐርብ እንደሚሰረዙና ከየዓይነቱ አንድ ብቻ እንደሚቀር ይገልጻል። ለንጽሕና ያለዎትን ፍቅር እያደነቅሁ የሚከተለውን በትሕትና አመለክታለሁ።

1ኛ. አባቴ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩትን ትርጓሜ እሳቸው እየነገሩኝ እኔ በኮምፒውተር ጻፍሁት። በሥላሴ ስም ያልተጀመረ ሥራ አይወዱምና የእያንዳንዱን ፋይል ስም «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» ብዬ ጀምሬ የመጽሐፉን ስም ከኋላ አስከተልሁ። ሠራተኞችዎ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሲገለብጡት ኮምፒውተሩ ረጅሙን ስም ከወገቡ ቆርጦ ቁጥር ለጠፈበት። አሁን የዳዊቱም የጳውሎሱም ትርጓሜ «በስመ አብ 1»፣ «በስመ አብ 2» እየተባለ ተደርድሯል። ከፍቶ ማየት አድካሚ መሆኑን ስለምረዳ፣ ሳይከፍቱ አንድ ናቸው ብለው ስለወሰኑ አመሰግናለሁ።

2ኛ. በዚህ አያያዝ የቢሮዎ ደብዳቤዎችም ሁሉ በአንድ አርማ ስለሚጀምሩ፣ የሹመት ደብዳቤዎ አብሮ እንዳይጠፋ እሰጋለሁ።

3ኛ. ገልብጬ ልውሰድ ብዬ ፍላሽ ይዤ ብመጣ ማጽዳቱ እስኪያልቅ መግባት ክልክል ነው ተብዬ ተመለስሁ። የጻፍሁበት ኮምፒውተር ተቃጥሏል፤ ሌላ ቅጂ የለኝም። አባትሽ እንደገና ይንገሩሽ ይሉኝ ይሆናል። የአባቴ ዐይን ከጠፋ ቆየ፤ ዘንድሮ ደግሞ ትርጓሜውን ጀምረው መሐል ላይ ይጠፋባቸዋል። ያን ጊዜ ቤተ መጻሕፍት ገብቷልና ግድ የለም ብለው ይጽናናሉ። ሽሙጤን ሁሉ ወደ ጎን ይተዉትና ይህችን አንዲት ቃል ይመኑኝ፤ ፈርቻለሁ።

ስለዚህ ከዐርብ በፊት ሁለቱን ብቻ ከፍተው ጎን ለጎን እንዲያዩልኝ እለምናለሁ።

ስለ ከፈቱልን ቤተ መጻሕፍትና ስለ ዘጉብን በር ከልብ እያመሰገንሁ፣ ከደጅዎ የማልርቅ፣
ኢየሩሳሌም ወልደ ሩፋኤል

ድኅረ ጽሑፍ፦ አባቴ ይህን አልሰሙም፤ ልነግራቸው አልደፈርሁም። መጻሕፍቴን ያስቀመጠልኝ እያሉ በየማለዳው ለእርስዎ ይጸልያሉ። ጸሎታቸውም ሁልጊዜ በስመ አብ ብሎ ይጀምራልና፣ ከላይ የሚሰማው ጌታ እንደ እርስዎ መጀመሪያውን ብቻ ሰምቶ ይህማ የትናንቱ ነው እንዳይል እፈራልዎታለሁ።