ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ወንድምሽ

ኡሺ፣

መራራው ዱባ ተከትፎ ጨው ተነስንሶበታል። ሳታጥቢው እንዳትጠብሺው።

ልትመዘገቢበት ያሰብሽውን የካራቴ ቤት ሄጄ አየሁት። በሰባ ዓመትሽ እግር ልታነሺ ከሆነ፣ አስተማሪው ከማን እንደተማረ መጠየቅ አለበት። አንቺ እንደሆነ ነጭ የለበሰውን ሁሉ ታምኛለሽ።

አስተማሪውን "የማን ተማሪ ነህ?" ብዬ ስጠይቀው፣ ግድግዳው ላይ ወዳለው ፎቶ ጎንበስ አለ።

"የእኚህ። በሬ በአንድ ቡጢ የጣሉ ናቸው፣ እማማ።"

ቀና ብዬ ባይ ወንድምሽ ዜንኪቺ ነው። ዶሮ ማረድ ፈርቶ ጎረቤት ይጠራ የነበረው ባሌ። ሃያ ጎረምሳ ይሰግድለታል።

"ይሄማ ባሌ ነው" አልኩት።

"ዘመዴ ናቸው የሚል ብዙ ነው፣ እማማ" አለኝ።

ፎቶውን አይጥ በላው ያልኩሽ ጊዜ፣

አይጥ አልነበረም። ቆራሌው ፍሬሙን ሲያደንቅ፣ ፎቶውን ሳላወጣ ሰጠሁት። እነዚህም ከእሱ ገዝተውት ይሆናል። ሁለት ዓመት ያኮረፍሽኝ እውነትሽን ነበር። ከዚህ በላይ አልልም።

የመጨረሻው ተዝካሩ፣ የሠላሳ ሦስተኛ ዓመቱ፣ ያለ ፎቶ አይሆንም። ፎቶውን ደግሞ ለዓመት መጨረሻ ጽዳት የሚያወርደው ጥቁር ቀበቶ ያለው ብቻ ነው አሉ። ጥቁር ቀበቶ በሦስት ዓመት ይገኛል። ተዝካሩም ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ተመዝግቤያለሁ። ዛሬ እጀምራለሁ።

መስኮቱን ዝጊና አንቺም ነይ። አስተማሪው ቀጣፊ ነው። ግን ፍሬሙ ከባድ ነው፣ እሱን ለማውረድ ሁለት ጥቁር ቀበቶ ያስፈልጋል።

ናቤ