ስለ ባሕሩ ወለል ግርማ የጻፈው

ሰኞ፣ ኅዳር 22 ቀን 1956

ደብተሩን ይዤ ሄድኩ። ባለቤቴ ተሰማ አልወደደውም፤ የሟቹ ልጃችን ነገር ከሳጥን እንዲወጣ አይፈልግም። እኔም እናቱ ነኝ ብዬ ወጣሁ።

ከአባሲያ በትራም፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወንዙን ተሻግሬ ጊዛ፣ ዩኒቨርሲቲው ድረስ። የግርማ መምህር ዶክተር ሳሚር በር ድረስ መጥተው ተቀበሉኝ። ረዳታቸው ናዲያ የምትባል ልጅ ናት። "ታንት" ትለኛለች፣ አክስቴ እንደማለት። ግርማ በእንግሊዝኛ የጻፈውን ሁሉ አንብበዋል፤ የቀራቸው ለራሱ በአማርኛ የያዘው ደብተር ነው። ሌላ ሰው ከሚያነበው እኔ ላንብብላችሁ አልኩ።

ዶክተሩ ነገሩን ቀስ አድርገው አስረዱኝ። ግርማ የሄደበት መርከብ በደቡብ ዋልታ ባሕር መረብ እያወረደ፣ ወለሉን እየጠረገ፣ እንስሳት ለጥናት ያወጣል። ግርማ በአንድ ባሕረ ሰላጤ መረቡ ሳይጎተት ካሜራ በገመድ አውርዶ ወለሉን አነሳ። መረቡ ካለፈ ከሁለት ወር በኋላ እዚያው ተመልሶ አነሳ። ፎቶዎቹ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው፤ ቀኑ ደብተሩ ላይ ነው። ቀኑ ከመርከቡ መዝገብ ጋር ከገጠመ፣ ዶክተሩ ለባሕር ምሁራን ስብሰባ ጽፈው ያ ቦታ ዳግም መረብ እንዳይገባበት ይጠይቃሉ። የግርማ ስም አብሮ ይሄዳል። በሚመጣው ሳምንት ይላካል አሉ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ቀኑን ሙሉ አነበብኩ። የኔ ዓረብኛ የገበያ ዓረብኛ ነው። አንድ ገጽ ወደ ዓረብኛ ለማዞር ብዙ ቆየን።

ዛሬ የተነበበው፦
በርሜል የሚያክል ስፖንጅ። እንስሳ ነው ይላል፤ እኔ ተክል መስሎኝ ነበር።
ብዙ ክንድ ያለው የባሕር ኮከብ።
ሰሃን የምታክል የባሕር ሸረሪት። ናዲያ ብዕሯን አስቀምጣ፣ እስክንድርያም ቢሆን ከእንግዲህ አልዋኝም አለች።
የባሕር ጃርት፣ ትል፣ እንደ ቁጥቋጦ የቆሙ ስማቸውን የማላውቃቸው።

የእጅ ጽሑፉ ጥሩ ነው። ከኔ ይሻላል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

ጨረስን። መረቡ ያለፈበትን ሲጽፍ እንዲህ ይላል፦ "መስመሩ እንደ ታረሰ ማሳ ነው፤ ግን የዘራበት የለም። ብርዱ ሁሉን ያዘገያል። በሁለት ወር አንድ ጣት የሚያክል ነገር አልበቀለም። እነዚህ ስፖንጆች ከአያቴ አያት ይበልጣሉ። ሌላው እንዳይጎትት ከመከልከላችን በፊት እኛ መጎተታችንን እንተው።"

ናዲያ የመጨረሻውን ቀን ጽፋ ደግማ አየችው። ደክሟት መሰለኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 26

ዶክተር ሳሚር አስጠሩኝ። የደብተሩ ገጾች ጽሑፉ ውስጥ አይገቡም። ቀኑ ትክክል አይደለም፤ የመጀመሪያው ሚያዝያ ላይ፣ የመጨረሻው ሰኔ ላይ ተጽፏል። መርከቡ መጋቢት ሳያልቅ ከዚያ ባሕር ወጥቷል። ሰኔ ላይ ደግሞ ግርማ በሕይወት አልነበረም።

"ማሌሽ ያ ሲት" አሉኝ፣ አይዞሽ እመቤቴ ማለታቸው ነው። "ትኩሳት የያዘው ሰው ቀን ይጠፋበታል።"

 ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ሲሞት ትኩሳት እንደነበረው እኔም አውቃለሁ፤ ከመርከቡ በመጣልን ደብዳቤ ላይ ተጽፎ ነበር።

ለተሰማ ነገርኩት። ልጄ እየቃዠ ጻፈ ተባለ ማለት ነው አለ።  ነግሬሽ ነበር ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

ልብስ አጠብኩ። ምንም አልጻፍኩም ማለት ይቻላል።

እሑድ፣ ኅዳር 28

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ኡም ጊርጊስ ገባች። የላይ ፎቅ ጎረቤታችን ናት፤ ቅብጥ ናት፣ ጾሙን አብረን እንጾማለን። ፉል ይዛ መጣች። ረቡዕ ከያህክ ይገባል፣ የውዳሴው ወር ነው፣ ያ ኡም ግርማ፣ የግርማ እናት፣ አንቺም ነይ አለች። ዓመቱ ሮጠ ብላ ወሮቹን በጣቷ ቆጠረች። ቱት፣ ባባ፣ ሃቱር፣ ከያህክ። አራተኛው ጣቷ ላይ ቆመች።

የነሱ ከያህክ የኛ ታኅሣሥ ነው። ታኅሣሥ አራተኛ ወር ነው።

ደብተሩን አወጣሁ። የመጀመሪያው ቀን "2/4" ይላል። እኔ ለናዲያ "ሁለት፣ አራት" ብዬ አነበብኩላት፤ እሷ የፈረንጅ አራተኛ ወር አድርጋ ጻፈችው። የመጨረሻው "6/6" ነው። የካቲት ስድስት። ግርማ የሞተው የካቲት 19 ነው። ሲጽፈው ጤነኛ ነበር።

ቃሉን ሁሉ ወደ ዓረብኛ አዞርኩ። ቁጥሩም መዞር እንዳለበት አልመጣልኝም። ቁጥር በየትም አገር ቁጥር ነው ብዬ። ስለዚህ ልጄን ያስቃዠሁት እኔ ነኝ።

ኡም ጊርጊስ ምን ሆንሽ አለችኝ። ነገርኳት። ወደ ቤቷ ወጥታ ግድግዳዋ ላይ የነበረውን የቤተ ክርስቲያን መቁጠሪያ ነቅላ አመጣችልኝ። የነሱም የፈረንጁም ቀን ጎን ለጎን አለበት። ሂጂ፣ አሳዪያቸው፣ ኸላስ፣ አለቀ አለች።

ሰኞ፣ ኅዳር 29

ሄድኩ። ናዲያ ወዲያው ገባት፤ አያቷ ገበሬ ናት፣ ከያህክ ቱባ አምሺር እያለች ነው የምትዘራው። ዶክተሩ የመርከቡን መዝገብ ዘረጉ። ግርማ "በ3 ሰዓት መረብ ወረደ" ይላል፤ መዝገቡ ዘጠኝ ይላል። እኛ ከንጋት ነው የምንቆጥረው፣ ሦስት ማለት የናንተ ዘጠኝ ነው አልኩ። እዚህ ድረስ ጥሩ ሄደ።

ቀኑ ግን እንቢ አለ። በመቁጠሪያው ከያህክ 2 የፈረንጅ ታኅሣሥ 12 ነው። መዝገቡ 11 ይላል። አምሺር 6፣ የኛ የካቲት 6፣ የፈረንጅ የካቲት 14 ነው፤ መዝገቡ 13 ይላል። ሁለቱም ላይ አንድ ቀን።

ዶክተሩ ማመን እንደሚፈልጉ ታየኝ። አንድ ቀንም ቢሆን ስህተት ነው፣ ስብሰባው ላይ፣ ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ይህንኑ ነው የሚይዙብን አሉ። እስከ ነገ አስባለሁ አሉ።

በትራም ስመለስ አንድ ፌርማታ አለፈኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 30

ትናንት ማታ ለተሰማ ሁሉን ተርኬለት ነበር፤ ሰምቶ ተኛ። ዛሬ ጠዋት ጫማውን እያሰረ "ያ መቁጠሪያ የዘንድሮ ነው?" አለኝ።

የዘንድሮ ነው አልኩ።

"ግርማ የጻፈው አምና ነው። አምና ሉቃስ ነበር፤ ጳጉሜ ስድስት ሆናለች። ከዚያ ወዲህ ሁሉ ነገር አንድ ቀን ተገፍቷል።"

እንዴት እንዳልታየኝ አላውቅም። የጳጉሜን ስድስተኛ ቀን እዚሁ ቤት ውያለሁ። እሱ አየር መንገድ ቢሮ የኛንም የፈረንጁንም ቀን በየትኬቱ ሲጽፍ ይውላል፤ ለሱ እንደ እንጀራው ነው።

ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ አብሮኝ ሄደ። ኮቱን ለብሶ፣ ከረባት አስሮ። ለዶክተሩ በእንግሊዝኛ አስረዳ፣ በወረቀት ላይ ሁለት መስመር እየሠራ። የአምናው ታኅሣሥ 2 የፈረንጅ 11፣ የአምናው የካቲት 6 የፈረንጅ 13። ናዲያ በጣቷ መዝገቡን ተከተለች። ገጠመ። የቀሩትንም ቀኖች አንድ በአንድ አየናቸው፤ ሁሉም ገጠሙ።

ዶክተሩ ተነስተው ቆሙ። ስለ ትኩሳቱ ያሉትን ይቅር እንድንላቸው ለመኑን። ተሰማ ምንም አይደለም አለ። ከዚያ ልጁ ከሞተ ጀምሮ ያልጠየቀውን ጠየቀ፤ መርከበኞቹ አስከሬኑን የሰጡት ባሕር ጥልቀቱ ስንት እንደሆነ።

"በጣም ጥልቅ ነው" አሉት ዶክተሩ። "መረብ የሚደርስበት አይደለም።"

ተሰማ አመሰገናቸው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 1

ጽሑፉ ዛሬ በአውሮፕላን ሄደ። የግርማ ስም ከዶክተሩ ስም ቀድሟል። የቀኖቹን ዝርዝር እኔና ተሰማ ፈርመንበታል። ፊርማዬ ጠመመ።

ናዲያን ያ መርከብ አሁን የት ነው አልኳት። እዚያ አሁን በጋው ነው፣ መርከቡ ወደዚያ ባሕር ከወረደ ሁለት ሳምንት ሆኖታል አለች። ያን ጊዜ ነው ሁላችንም ያሰብነው። ስብሰባው ገና ነው፣ መረቡ ግን ዛሬም ሊወርድ ይችላል። ዶክተሩ ወዲያው ወደ መርከቡ ቴሌግራም አስላኩ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2

መልስ የለም። መቁጠሪያውን ለኡም ጊርጊስ መለስኩ። ተሰማ ከራት በኋላ ደብተሩን አንስቶ ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ጀመረ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4

ናዲያ ራሷ ቤት ድረስ መጣች። መልሱ ደርሷል። በእንግሊዝኛ ነው፤ ተሰማ አነበበው፦ "ግርማ ፎቶ ባነሳበት ቦታ በዚህ በጋ መረብ አናወርድም። እናስታውሰዋለን።" ይኸው ነው።

ለዚህ በጋ ብቻ ነው? አልኳት። ለዚህ በጋ ነው፣ የሚመጣውን ስብሰባው ይወስናል፣ እንቢም ሊሉ ይችላሉ አለች። የሚሰበሰቡት መቼ እንደሆነ ገና አልተቆረጠም።

ተሰማ ደብተሩ ውስጥ ጣቱን እንዳደረገ፣ አንድ በጋ ለነዚያ ስፖንጆች ምንም አይደለም፣ አላነበብሽም? አለኝ። አንብቤአለሁ አልኩት። ቢሆንም ዘንድሮ አይነኩም።

ናዲያ ሻይ ጠጥታ ሄደች።