የሚዛኑን ፍጥነት በድምፅ ብልጫ ለወሰነው ኮሚቴ

ለተከበሩ አቶ ይገረም
የበርበሬ ጅምላ ነጋዴዎች ማኅበር የሚዛን ኮሚቴ ሰብሳቢ
መርካቶ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የበርበሬው ብናኝ ቢሮዎ እንዳይዘልቅ ድርብ መስታወት ካስገቡ ወዲህ ሲያስነጥስዎ የሰማ ሰው ስለሌለ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ በደኅና እንዳሉ እንገምታለን።

እኔ በመጋዘንዎ ጆንያ የምሸከመው ማሙሸት ነኝ። ይህን ደብዳቤ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሳልሄድ በገዛ እጄ ጻፍኩት። የማታ ትምህርቴን ዘንድሮ ጨርሼ ከክፍሌ አንደኛ ወጥቻለሁ። እርግጥ በፈተናው ቀን ኃይለኛ ዝናብ ስለነበረ የተገኘነው እኔና መምህርት መቅደስ ብቻ ነን፤ ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው። ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ መጀመሪያ ያነበብኩት የመጋዘኑ በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ነው፦ ሚዛን ሠራተኛዋ ዱንያ ኢርፋን ሚዛን በመነካካት ተጠርጥራ ከሥራ ታግዳለች ይላል። ተናደድኩ ብል ደስ ባለኝ፤ አልተናደድኩም። ቆሜ አነበብኩ፣ ጆንያዬን አነሣሁ፣ ሄድኩ። አሁንም የምጽፈው ሳልናደድ ነው።

፩. በቅድሚያ የጆንያውን ክብደት ከሚዛኑ ተቀብሎ ወረቀት ላይ እንዲያትም ስላስገቡት ኮምፒዩተር አመሰግናለሁ። አዲስ ከመግዛት ይልቅ ምን አለሽ ተራ ከተፈቱ ማሽኖች ተለቃቅሞ እንዲገጣጠም ማዘዝዎ ቆጣቢነትዎን ያሳያል። ኮሌጅ የጨረሰው ገጣጣሚያችን ሙናዊር እንዳስረዳን፣ ደንበኛ ኮምፒዩተር ሲበራ፣ ማዘርቦርድ የሚሉት የውስጥ ሰሌዳው ራሱ ሲሪያል ፖርቱ፣ ማለትም የሚዛኑ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ፣ የት እንዳለና በየትኛው መስመር እንደሚጠራ ይናገራል። የእኛው ሰሌዳ ከየት መጣህ ቢሉት ዝም የሚል እንግዳ ነው። ስለዚህ ቀዳዳውን ለሚያዳምጠው ፕሮግራም፣ ድራይቨር ለሚሉት፣ አድራሻውን፣ መስመሩንና ፍጥነቱን ሰው በእጁ ጽፎ ሊነግረው ይገባል። ሙናዊር የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሲፈልግ ሰንብቶ አገኛቸው።

፪. ሦስተኛው፣ ማለትም ፍጥነቱ፣ ለኮሚቴው ስለቀረበ ይበልጥ አመሰግናለሁ። ማኅበራችን የበሩን ቀለም እንኳ ድምፅ ሳይሰጥ አይወስንም። ሙናዊር ሚዛኑን ገልብጦ፣ የሚናገረው በሴኮንድ በዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ምልክት ፍጥነት መሆኑ ከሥሩ ተጽፎ እንደሚገኝ አሳየ። እርስዎ ግን ኮምፒዩተሩ ከሚያቀርባቸው ቁጥሮች ውስጥ መቶ አሥራ አምስት ሺህ ሁለት መቶ የሚለውን አይተው «እኛ የሰፈር ሱቅ ነን እንዴ? ለትልቅ ገበያ ትልቁ ይሁን» አሉ። እጅ ወጣ፣ ተጨበጨበ። ሚዛኑ ቀስ ብሎ እያወራ ኮምፒዩተሩ በጥድፊያ ቢያዳምጥ የሚሰማው ዝብርቅርቅ ነው ብሎ ሙናዊር ቢሟገት፣ ክርክሩ በቃለ ጉባኤው ላይ «የተለየ ሐሳብ» ተብሎ በክብር ተመዘገበለት።

፫. በማግሥቱ የመጀመሪያውን ጆንያ ሚዛን ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የወጣው ወረቀት ክብደት አልነበረበትም፤ የጥያቄ ምልክትና ባዶ ሳጥን ብቻ ተደርድሮበት ነበር። እንዲህ ያለ ፊደል እኔን አንደኛውን እንኳ አላስተማሩኝም። ኮሚቴው በአስቸኳይ ተሰብስቦ ሚዛኑ ላይ የነበረው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ዱንያ ነበረች። ፍጥነቱን የጠየቀ አልነበረም፤ እጅ የወጣበት ነገር አይሳሳትማ።

፬. ዱንያን ያውቋታል። ሁለት ነጋዴ ሲጣላ «ዱንያ ትመዝነው» ተብሎ ነበር የሚታረቀው። ከታገደች በኋላ ሶማሌ ተራ ሄዳ ሥራ ብትጠይቅ፣ በትሕትና ሻይ አዝዘው፣ በትሕትና ሸኟት። መርካቶ ውስጥ ሚዛን ነካች የተባለች ሴት ሻይ አትከለከልም፤ ሚዛን ግን አይሰጣትም። ሰሞኑን መንገድ ላይ አገኘኋትና አይዞሽ ልላት ብዬ ጆንያዬን ከትከሻዬ አወረድኩ። እሷ አላለቀሰችም። «ሰዉ እጄን እጄን ሲያይ፣ እኔም እጄን ማየት ጀመርኩ» አለችኝና ሻርፗን አስተካክላ አለፈች።

ልመናዬ አጭር ነው። ፍጥነቱን ማስተካከል ለሙናዊር አንድ ቁጥር መጻፍ ነው። የዱንያን ስም ማስተካከል የሚችሉት ግን እርስዎ ብቻ ነዎት። ማስታወቂያው በተለጠፈበት በር ላይ፣ በዚያው ፊደል መጠን፣ ጥፋት እንዳልተገኘባት ይለጠፍልን። መጻፉ ጊዜዎን የሚሻማ ከሆነ እኔ ጽፌ አመጣለሁ፤ የእጅ ጽሑፌ ያማረ ነው፣ መምህርቷ መስክራለች። ከእርስዎ የሚፈለገው ፊርማ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ እስከዚህ ድረስ አንብበው ከሆነ ለታላቅ ትዕግሥትዎ፣ ካላነበቡም ለታላቅ የሥራ ብዛትዎ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የመጋዘንዎ ጆንያ ተሸካሚ
ማሙሸት ኪዳነ ማርያም

ሳልረሳው፦ በዱንያ ቦታ የተተኩት የባለቤትዎ ወንድም ጋሼ ጣሰው ሥራ ከጀመሩ ወዲህም፣ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ያው የጥያቄ ምልክትና ያው ባዶ ሳጥን ነው። እሳቸው ክብደቱን በእስክሪብቶ ይሞሉታል፤ ኮሚቴውም ያምናቸዋል። የእሳቸው እገዳ በር ላይ የሚለጠፈው መቼ እንደሆነ ቢያሳውቁኝ፣ ማንበብ ለማይችሉት ጓደኞቼ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ።