ሳልሰማ የፈረድኩባቸው ሞተሮች

ሰኞ፣ ኅዳር 6

እስክሪብቶውን የያዘችው ታናሽ እህቴ ናት። ቃሉ የእኔ ነው። እሷ ሠላሳ ዓመት ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ሆና ሠርታ ጡረታ ወጥታለች። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አውራ ጣቴን ቀለም እየነከርኩ እየፈረምኩ አርባ አንድ ዓመት የፋብሪካ ሞተርና ፓምፕ ጠግኛለሁ። አላፍርበትም። ደብተሩን የሰጠችኝ ልጄ ናት፣ ለሥራ መመዝገቢያ ብላ። ሥራው ኮምፒውተር ላይ ስለሚመዘገብ ባዶውን ተቀምጦ ነበር። ለራሴ ይሁን አልኩ። ከእኔና ከእህቴ በቀር ማንም አያየውም።

ዛሬ ደኅና ቀን። ወደ ልጄ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። መሥሪያ ቤት ይበሉት እንጂ የጎማ መጋዘን የነበረ ነው። ሰባት ሰው፣ አሥራ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ እግሩ የሚወላልቅ ወንበር። ጀማሪ ኩባንያ ማለት እንዲህ ነው አሉ። ማዶ አገር ደግሞ የእነሱ ቢጤ ሌላ ጀማሪ ኩባንያ አለ። ሁለቱ ተዋውለዋል። የማዶዎቹ ሞተር ላይ የምትለጠፍ፣ የካፖርት ቁልፍ የምታህል ጆሮ ይሠራሉ። የእኛዎቹ ጆሮዋ የሰማችውን የሚፈታ አእምሮ ይሠራሉ። ሞተር ሳይቃጠል በፊት «አሞኛል» እንዲል ነው ነገሩ። በሁለቱም አገር ፋብሪካዎች ሊሸጡት ነው።

አእምሮው ግን አስተማሪ ይፈልጋል። አስተማሪው እኔ ነኝ። በጆሮ ማዳመጫ የሞተር ድምፅ ያሰሙኛል። ማንበብ ስለማልችል ሦስት ቁልፎች ላይ ቀለም ለጥፈውልኛል። ጤነኛ ሲሆን አረንጓዴ። እያመመው ሲሆን ቢጫ። ሊሞት ሲሆን ቀይ። ዛሬ አራት ሺህኛውን ጨረስኩ። አጨበጨቡልኝ።

ልጄ ለእንግዳ ሁሉ «ይህ ማሽን ማለት የአባቴ ጆሮ ነው» ትላለች። ደስ ይለኛል። ለምን አይለኝም?

ሐሙስ፣ ኅዳር 9

ከቀጭኑ ጋር ክር ፋብሪካ ሄድን። ቀጭኑ የማዶው ኩባንያ መሐንዲስ ነው። ያቺን ቁልፍ የምታህል ጆሮ የፈጠራት እሱ። እኛ ዘንድ ከመጣ ሁለት ወሩ። ስሙ ምላሴ ላይ አልገባ ስላለኝ ቀጭኑ አልኩት፣ አሁን ሁሉም እንደዚያ ይለዋል፣ ራሱም ጭምር።

አንድ ፓምፕ ነበር። ሁሉም ደኅና ነው ይላል። ካቻቢቴዬን ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ላይ ተከልኩ፣ እጀታውን መንጋጋዬ ላይ፣ መዳፌን የፓምፑ ሆድ ላይ። «ይሄ ሳምንት አይቆይም» አልኩ። ፈቱት። ኩሽኔታው እንደ ታመመ ጥርስ ተበልቷል።

የፋብሪካው ፎርማን «እኚህ ሰውዬ ጠንቋይ ናቸው እንዴ?» አለ።

«ጠንቋይ ቢሆኑማ ደመወዝህን ይጨምሩልህ ነበር» አለው ረዳቱ።

ቀጭኑ በእኛ ቋንቋ እየተኮላተፈ «መምህር» አለኝ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

እጀታውን ለምን መንጋጋዬ ላይ አደረግኩ? ድሮ ጆሮዬ ላይ ነበር... እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። ጻፊ፣ ምን ታይኛለሽ አልኳት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 15

ማሽኑ ተፈተነ። እዚህ ሠላሳ ሞተር፣ ማዶ ሠላሳ ሞተር። ከስልሳው ሃያ ስድስቱን ሳተ። ጤነኛውን ይሞታል አለ። የሚሞተውን ጤነኛ አለ።

የማዶዎቹ አለቃ በስክሪን ቀረበች። ኮስታራ ሴት። ጥፋቱ ከጆሮዋ ነው ወይስ ከትምህርቱ ብላ ጠየቀች። ልጄ ምን እንደመለሰች ደረጃው ላይ ነገረችኝ፤ እየሳቀች፣ ክንዴን ይዛ።

«ትምህርቱን የሰጠው አባቴ ነው አልኳት። አባቴ አይሳሳትም።»

«እሷስ ምን አለች?»

«እንግዲያው ጆሮዋ ናት አለች። እስከ ታኅሣሥ 4 ቀጭኑ ጥፋቱን ካላገኘ ጆሮዋ ትጣላለች። ሌላ ይገዛሉ፣ እሱም ወደ አገሩ ይመለሳል። ያሳዝናል፣ አምስት ዓመት የለፋባት ነገር ነች።»

ክንዴን ከእጇ አወጣሁ። ደረጃውን ወረድኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 16

ዛሬ የምለው የለም።

እሑድ፣ ኅዳር 19

እህቴን በሩን ዝጊ አልኳት።

አልሰማም።

ወፍራሙን እሰማለሁ። ሰው ሲያወራ፣ አውቶቡስ ሲያልፍ። ቀጭኑ ድምፅ ነው የጠፋው። ኩሽኔታ መታመም ሲጀምር የሚያሰማት ሲር የምትል ድምፅ አለች፣ እንደ ትንኝ። እሷን ከሰማሁ ስንት ዓመቴ? ስድስት? ሰባት? ሞተሩ ፊቴ ሲሆን መዳፌ ይነግረኛል፣ አጥንቴ ይነግረኛል። ጆሮዬ መሞቱን ለራሴም ሳልነግረው ኖርኩ።

ጆሮ ማዳመጫ ሲመጣ ግን የሚዳሰስ ነገር የለም። የመጀመሪያው ቀን ጭንቅላቴ ላይ ጫኑት። ጥጥ የጠቀጠቁብኝ መሰለኝ። ልጄ ሁለት እንግዳ ይዛ ከኋላዬ ቆማለች። አልሰማም ልበል? በእንግዳ ፊት? ስክሪኑ ላይ ድምፁን ተከትላ የምትንቀጠቀጥ መስመር አለች። በኃይል ስትንቀጠቀጥ ቀይ ተጫንኩ። መለስ ስትል ቢጫ። ስትተኛ አረንጓዴ። «አያችሁ ፍጥነቱን?» አለች ልጄ ለእንግዶቹ።

አራት ሺህ ጊዜ እንደዚያ።

የሚጮህ ሞተር የታመመ አይደለም። ይህን ከሃያ ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የሚሞተው በሹክሹክታ ነው የሚጀምረው። ማሽኑ ሞኝ አይደለም፤ ያስተማርኩትን ተማረ። የሚጮኸውን ግደል፣ የሚያቃስተውን እለፍ ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

እህቴ ጽፋ ጽፋ ቆመች።

«አውቅ ነበር» አለች።

«በምን?»

«ሬዲዮህን ሰፈሩ ሁሉ ነው የሚያዳምጠው፣ ጋሼ።»

አልሳቅኩም። ኋላ ግን ትንሽ ሳቅኩ። ከዚያ ደግሞ አፈርኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 21

ለልጄ ልነግራት ሄድኩ። ፋብሪካ ወጥታለች። ቀጭኑ ብቻውን። ጆሮዎቹን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ፈታትቷቸዋል፣ አጉሊ መነጽር ዓይኑ ላይ። የሌለ ጥፋት ፍለጋ። ጢሙን አልተላጨም። ቀና ብሎ አየኝና ተነሣ።

«ይቅርታ፣ መምህር። የእርስዎ ሥራ ጥሩ። የእኔ ጆሮ መጥፎ።»

ይቅርታ አለኝ። እኔን። ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት። አፌን ከፈትኩ... ምን እንዳደረግኩ ጻፊው። ትከሻውን መታ መታ አደረግኩት። አይዞህ አልኩት። አጽናናሁት።

ይህን ያህል ወራዳ ሆኜ አላውቅም። ዋጋዬን እኔ ነኝ የማውቀው፣ ማንም አይንገረኝ ስል የኖርኩ ሰው።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 1

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔው እያደር ከበደኝ።

እህቴ ትመክረኛለች። «ለልጅህ ብቻ ቀስ ብለህ ንገራት። እሷ በዘዴ ታስተካክለዋለች።»

«በዘዴ ማለት?»

«እንግዲህ... አንተን ሳታነሣ።»

«እንግዲያስ ከነገ ጀምሮ ውሸታሟ እሷ ትሆናለች። የእኔን ላሸክማት?»

ልጄ ቃሏን የሰጠችው በእኔ ስም ነው፣ በሰው ፊት። ማፍረስም ያለብኝ በሰው ፊት ነው። እሄዳለሁ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 4

ሄድኩ። ያልታጠበ የሥራ ልብሴን ለበስኩ። ለሠርግ አይደለም የምሄደው።

አለቃቸው ስክሪኑ ላይ። ቀጭኑ ጠረጴዛው ጫፍ፣ ጆሮዎቹን ፊቱ ደርድሮ። ልጄ መካከል፤ ሁለቱንም ቋንቋ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። ሲጀምሩ ተነሣሁ።

«አንድ ነገር አለኝ።»

«አባዬ፣ አሁን አይደለም።»

«አሁን ነው። ጆሮዋ ደኅና ናት። የማይሰማው እኔ ነኝ።»

ፈገግ አለች። ቀልድ መሰላት። ከዚያ ፊቴን አየችው። መስመሯን ነገርኳት። ቀይ መቼ እንደምጫን፣ ቢጫ መቼ እንደምጫን። ከመጀመሪያው ቀን አንሥቼ።

«ተርጉሚላቸው» አልኳት።

ጀመረች። ሦስት አራት ቃል ተናግራ ቆመች። ውሃ ጠጣች። «ሌላ ሰው ይተርጉም» አለች፣ ለማን እንደሆነ አላውቅም። ሌላ ሰው የለም።

«እንዳልኩት ተርጉሚ። እንዳታሳምሪልኝ።»

ተረጎመች። ቋንቋውን አላውቀውም። አባት የሚለውን ቃል ግን ከቀጭኑ ተምሬአለሁ። ያንን ቃል ስትናገረው ድምፅዋ ተሰበረ። በሕይወቴ ልጄ አፍራብኝ አታውቅም ነበር። ዛሬ አየሁት። ዓይኗን ከእኔ አንሥታ ግድግዳው ላይ ተከለችው።

አለቃቸው የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ብቻ። ስንቱን ነው እንዲህ ያደረጉት?

«ሁሉንም።»

ቀጭኑ አልጮኸም። ጆሮዎቹን አንድ በአንድ ለቀመና ሳጥን ውስጥ ከተተ። በአጠገቤ አልፎ ወጣ። ይቅርታ አልኩት። አልዞረም። እውነቱን ነው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 6

ውላቸው አልፈረሰም። ሦስት ወር ተራዘመ። የእኔ አራት ሺህ ሁሉ ተጣለ፣ ከሀ ይጀምራሉ። ቀጭኑ ይቆያል። ግን አለቃቸው «እናንተ ሰዎች ስትምሉ ከእንግዲህ በምን እናምናለን?» አለቻት ልጄን። ይህን እህቴ ናት ከልጄ የሰማችው። ልጄ እኔን አታናግረኝም።

ቀጭኑ ውሉ ላይ ሁለት ነገር አስጽፏል። ድምፅ የተቀዳለት ሞተር ሁሉ ተፈትቶ ኩሽኔታው በዓይን ይታይ። ሁለት ሰው ሳይስማማ ምንም አይመዝገብ። ድሮ ቢሆን «በእኔ ላይ ተቆጣጣሪ?» ብዬ ካቻቢቴዬን ወርውሬ እወጣ ነበር። አሁን ምን አፍ አለኝ?

ፈቺ ይፈልጋሉ። እኔ እፈታለሁ ብዬ በእህቴ ላክሁ። ቡሎን ለመፍታት ጆሮ አያስፈልግም። መልስ የለም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 19

ዛሬ ጠዋት ልጄ በር ላይ መጣች። አልገባችም። «ልበስ፣ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዣለሁ» አለች። ከኋላዋ ተከተልኳት።

ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጡኝ፣ ግድግዳው ስፖንጅ። ጆሮ ማዳመጫ ጫኑብኝ። ዘንግ የመሰለ ነገር አስጨበጡኝ፣ ጫፉ ላይ መጫኛ አለው። «ድምፅ ሲሰማዎት ይጫኑ» አለች ባለሙያዋ። እሷ በመስታወቱ ማዶ ተቀምጣለች። እጇ ይታየኛል። ስታነሣው ድምፅ እንደላከች ገባኝ። ልጄም ከኋላዋ ቆማ ታየኛለች። እጇን እያየሁ መጫን እችል ነበር። አንዱንም አልስትም ነበር።

ዓይኔን ጨፈንኩ።

መጀመሪያ ጥቂት ጊዜ ተጫንኩ። ከዚያ ምንም። ረጅም ምንም... ጣቴ ልጫን ይላል፣ እይዘዋለሁ። እንዲያ ብዬ እስኪያልቅ ተቀመጥኩ።

ስወጣ ልጄ ወረቀቱን አነበበች።

«ቀጫጭኑ ድምፅ ሁሉ የለም፣ አባዬ።»

አባዬ አለች። አሥራ አምስት ቀን ሆኖኝ ነበር ያንን ቃል ካጣሁ።

«መቼ ነው የምንጀምረው?» አልኳት።

«ነገ ሁለት ሰዓት። አንተ ትፈታለህ፣ እሱና አንዲት መካኒክ ያያሉ። አንተ አስተያየት አትሰጥም።»

«አልሰጥም።»

«አባዬ፣ እውነቴን ነው።»

«ሰማሁ።»

ቀጭኑ መምህር አይለኝም ከእንግዲህ። አይበለኝ። ቡሎኑን ልፍታለት።

በቃ፣ ይህ ነው። አሁን ከመጀመሪያው አንሥተሽ አንብቢልኝ። እስከ ዛሬ ስታነቢልኝ ራሴን እነቀንቅ የነበረው ግማሹን ሳልሰማ ነው። ወንበርሽን ወደዚህ አስጠጊ። ጮክ አድርገሽ።