ስፖኪዮ የማያሳየው ቦታ

ጥቅምት 6

የተለመደ ቀን። ጠዋት ዝናብ፣ ከሰዓት ፀሐይ። የምነዳው አውቶቡስ ሞልቶ ሄደ፣ ሞልቶ ተመለሰ። አንዲት ሴትዮ መውረጃዋን ራሷ አሳልፋ እኔን ስትቆጣ ዋለች። ይሁን...

እራት ላይ ባለቤቴ እንደ ዋዛ፣ "ብስክሌት ልገዛ ነው" አለች። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ አጎንብሳ ስለምትውል ወገቧ ፈጅቷታል፤ ሐኪሙም ተንቀሳቀሺ ብሏታል። "ስፌት ቤት ድረስ እየነዳሁ እሄዳለሁ፣ እየነዳሁ እመጣለሁ። ልጅ ሆኜ የወንድሜን እነዳ አልነበር? ምን ችግር አለው?"

ምን ችግር አለው... "እናየዋለን" አልኩና ሳህኔን አነሳሁ።

ጥቅምት 7

ዓይኔ ብስክሌት ላይ ዋለ። ከዚህ በፊትም እንዲህ ይበዙ ነበር?

ሰው ከሹፌር ወንበር ላይ ሁሉም ነገር የሚታይ ይመስለዋል። በቀኝ ስፖኪዮ ሲመጡ አያቸዋለሁ፣ አያቸዋለሁ፣ ከዚያ በሩ አካባቢ ሲደርሱ... የሉም። ቆይተው ከፊቴ ብቅ ይላሉ። እስከዚያ ትንፋሼን ይዤ ነው የምነዳው። ስንት ዓመት እንዲህ ስነዳ ኖርኩ! አሁን ምን መጣና ነው የምፈራው? አውቀዋለሁ የመጣውን። ከዛሬ ጀምሮ ብስክሌት ላይ ያለው ሰው ሁሉ እሷን መስሏል።

ጥቅምት 10

ብስክሌት መሸጫ ሄድን። እውነቱን ልጻፍ፣ የሄድኩት ላስቀራት ነው።

ሻጩ ቀጭን፣ ትዕግሥተኛ ሰውዬ ነው። ባለ ቀጭን ጎማውን የውድድር ብስክሌት አሳየን፤ "ይሄ ላይ ወገቧ ይቆረጣል" አልኩ። የተራራውን አመጣ፤ "ይሄን ብረት ማን ይገፋዋል?" ሌላ አመጣ፤ ደወሉን አጣጣልኩ። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች።

"አንተ ሰውዬ፣ ብስክሌት ልትገዛልኝ ነው የመጣኸው ወይስ ልትከሳቸው?"

ሻጩ ሳቁን ዋጠ። ከዚያ ሃይብሪድ የሚሉትን ከጓዳ ገፋ አድርጎ አወጣ። የሁለቱ ድቅል ነው አለ። ጎማው ወፍራምም ቀጭንም አይደለም፣ መሪው ከፍ ያለ፣ ኮርቻው ሰፊ። የመሃሉ ብረት ዝቅ ስለሚል በቀሚስም ይወጡበታል። "ለውድድር አይደለም እትዬ፣ ለዕለት ኑሮ ነው።"

ወጣችበት። ጀርባዋ ቀጥ አለ። መጀመሪያ ትንሽ ተንገዳገደች፣ ከዚያ ግቢውን ዞራ መጣች። ፊቷ... ከስንት ጊዜ በኋላ ነው እንዲህ ያየኋት?

"እንዲህ ስትቀመጥ ጭንቅላቷ ከመሬት ምን ያህል ይርቃል?" አልኩት ሻጩን። ግራ ገባው።

"ደግሞ ጭንቅላቴን ምን ልታደርገው ነው?" አለች እሷ።

ከፍ ብላ ከተቀመጠች ስፖኪዮ ውስጥ ትታይ ይሆናል ብዬ ነው። ይሄ ሱቅ ውስጥ ይወራል? "ትንሽ እናስብበት" ብዬ ይዣት ወጣሁ። እስከ ቤት ድረስ አኩርፋኝ ሄደች።

ጥቅምት 13

ዛሬ የሆነውን ልጻፈው።

ዳቦ ቤቱ ጋ ወደ ቀኝ ስታጠፍ የሆነ ሰው የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ መታው። ጧ! ፍሬን ያዝኩ። የቆመው ተሳፋሪ ሁሉ አንዱ በሌላው ላይ ተደፋ። አንድ ጎልማሳ ሰውዬ፣ ብስክሌቱ በአውቶቡሱና በእግረኛ መንገዱ ጠርዝ መሃል ተጣብቆ፣ መዳፉ አሁንም በሩ ላይ። ፊቱ አመድ መስሏል። ፍሬቻ አሳይቼ ነበር። ስፖኪዮ አይቼ ነበር። አይቼ ነበር! ማንም አልነበረም።

"ዕውር ነህ?" አለኝ።

ልክ ነው፤ እሱ ለቆመበት ቦታ ዕውር ነኝ።

ምንም አልሆነም፣ ተረፈ። ከኋላ ተሳፋሪዎቹ "ምን ሆነ? ንዳው እንጂ!" ይላሉ። ነዳሁት። ቤት ስገባ "ምነው ፊትህ?" አለችኝ። ራሴን አሞኛል አልኳት።

ጥቅምት 14

ፈርቻለሁ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ጥቅምት 16

"ነገ ብቻዬን ሄጄ እገዛዋለሁ" አለች።

"አይሆንም!" ብዬ ጮህኩ። በትዳራችን እንዲህ ጮኼባት አላውቅም። መቀሷን አስቀምጣ አየችኝ። መንገዱ አደገኛ ነው... ሹፌሩ ሁሉ እብድ ነው... ያገኘሁትን ቀባጠርኩ። እሷ ደግሞ ልታባብለኝ ብላ፣ "መንገዱ ላይ አንተም አለህ አይደል እንዴ? እንዳንተ ያለ ጠንቃቃ ሹፌር እያለ..." አለች።

"እኔ ስላለሁ እኮ ነው!"

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ዳቦ ቤቱን፣ መዳፉን፣ የሰውዬውን ፊት። አንድ ቀን ደግሞ ስወርድ እሷን ከጎማዬ ስር እንዳላገኛት... ይሄንንም ነገርኳት።

"የማይታይህን ቦታ አሳየኝ" አለች።

ጥቅምት 18፣ እሁድ

አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ግቢ ወሰድኳት። ሻጩ መታወቂያዋን ይዞ ሃይብሪዱን ለሙከራ ሰጥቷታል። ዘበኛው "እትዬንም ሹፌር ልታደርጋት ነው?" እያለ በሩን ከፈተልን።

የቆመ አውቶቡስ ላይ ወጥቼ መሪው ጋ ተቀመጥኩ። እሷ በቀኝ በኩል ከኋላ እየነዳች መጣች። ታየች... ታየች... ጠፋች።

"የት ነሽ?"

"እዚሁ ነኝ!" ድምጿ ከበሩ ስር ይመጣል። ስፖኪዮ ላይ ያለው ባዶ አስፋልት ነው። ከፍታውም ምንም አልፈየደ፤ እንኳን ጭንቅላቷ ፀጉሯም አልታየኝም።

ተቀያየርን። ብስክሌቱ ላይ ወጥቼ እዚያው ቦታ ቆምኩ፣ እሷ ሹፌር ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"ታየሁሽ?"

"የለህም።"

"አሁንስ?"

ቀና ስል ከአውቶቡሱ እየወረደች ነው። ከንፈሯ ደርቋል። በቃ ተወችው አልኩ በሆዴ፣ እውነቱን ለመናገር ደስም አለኝ። እሷ ግን፣

"በየቀኑ እንዲህ ነው የምትነዳው?"

"አዎ።"

"ይሄን ሁሉ ፍርሃት ለብቻህ ተሸክመህ? ለምን አልነገርከኝም?"

ዘበኛው ፊት አለቀስኩ። ምን ላድርግ፣ መጣብኝ።

ዓይኔን እስክጠርግ ጠበቀችኝ። ከዚያ ከቦርሳዋ የስፌት ጠመኔዋን አወጣች። "ውጣና ተቀመጥ። ስጠፋብህ ክላክስ አድርግ።" አጎንብሳ እየተራመደች፣ ክላክስ ባደረግኩ ቁጥር አስፋልቱ ላይ ምልክት እያደረገች፣ የማይታየውን ቦታ ልክ እንደ ጨርቅ ለካችው። ስትጨርስ ወርጄ አየሁት። በሩ ጋ እንደ እጅጌ ጫፍ ጠባብ ሆኖ ይጀምርና ወደ ኋላ እየሰፋ ይሄዳል። ይሄ ሁሉ ነው? ብስክሌት ቀርቶ ቤተሰብ በሙሉ ይቆምበታል። ዘበኛውም መጥቶ አየና ባርኔጣውን አወለቀ።

"እዚህ ውስጥ አልገባም" አለችኝ፣ በእግሯ መስመሩን እየነካች። "አንተ ከምታየኝ እኔ ባልገባ ይቀላል።"

ጥቅምት 20

ሃይብሪዱን ገዛን። ሻጩ ኮርቻውን በልኳ አስተካከለላት፤ ስትቆም ጫማዋ መሬት ይነካል። እኔ ፍሬኑን ሞከርኩ፣ ደግሜ ሞከርኩ፣ አሁንም ሞከርኩ። "ይበቃሃል፣ ትጨርሰዋለህ" አለችኝ።

ጥቅምት 21

ከስፌት ቤት ደወለች። "ደርሻለሁ" አለች። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ።

ጥቅምት 24

ፍርሃቱ አለቀቀኝም። የሚለቀኝም አይመስለኝም።

ዛሬ ከሰዓት ወደ ገበያው በሚወስደው የቀኝ መታጠፊያ ላይ ቀይ በራ። ቆምኩ። ቀኝ ስፖኪዮን አየሁ። ከአውቶቡሱ ኋላ፣ ራቅ ብላ፣ ባለቤቴ! እዚህ መንገድ ላይ አገኛታለሁ ብዬ አላሰብኩም። አንድ እግሯን መሬት አስነክታ ቆማለች። አንዲት ልጇን ከኋላ ያስቀመጠች ሴት በብስክሌት ከጎኗ መጣችና በቀኜ በኩል ወደ ፊት ልታልፍ ስትል፣ የኔዋ ክንዷን ዘርግታ መንገዱን ዘጋችባት። ሴትየዋ ተቆጣች መሰለኝ፣ እጇን አወናጨፈች። የኔዋ ክንዷን አላጠፈችም። ወደ አውቶቡሱ እያሳየች የሆነ ነገር ትነግራታለች። ሴትየዋ አየች፣ ልጇን ዞር ብላ አየች፣ ወደ ኋላም ሸሸት አለች።

አረንጓዴ በራ። ቀስ ብዬ ታጠፍኩ። በሩ አጠገብ ማንም እንደሌለ ዛሬ ገና አውቄ ታጠፍኩ።