ሠላሳኛዋ ተማሪ

ለእትዬ ወለተ ሐና፣ ሐዋሳ።

እንደምን ሰነበቱልኝ? ያ ወገብዎ ተሻለዎት? ልጆቹስ፣ ጎረቤቱስ እንዴት ነው? ሙቀቱንስ ቻሉት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ በቆሎውም ተሸልቅቆ ገብቷል።

ይህን የጻፍሁት ማንንም ሳልለምን፣ እኔው ወንድምዎ ክንዱ ነኝ። በዚህ ቀበሌ እንደ እኔ የሚጽፍ የለም። እርግጥ ቄሶቹን፣ መምህራኑንና ትምህርት ቤት የዋሉትን ልጆች ሳንቆጥር ነው።

የተማርሁበት የአማራጭ ትምህርት ጣቢያ አንዲት ክፍል ናት፤ በልጅነቱ ትምህርት ያመለጠው ሁሉ ማታ ማታ ይማርባታል። ጽሕፈቴ ስላማረ መምህራችን ዘንድሮ ምዝገባውን ለእኔ ሰጡኝ። ሠላሳ ሦስት ሰው መዘገብሁ፤ ሃያ አራት ሴት፣ ዘጠኝ ወንድ። ስድስቱ አዊዎች ናቸው፤ በአማርኛ ይማሩና በአገውኛ ያሙናል። ትልቁ አባ ገብረ ሕይወት ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ዳዊቱን በቃላቸው ይወጡታል፣ የመጡት ለሒሳብ ነው። ትንሿ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው።

ከወረዳ ተቆጣጣሪ መጥቶ ስም ቢጠራ፣ አምስት ሴቶች ሁለት ሁለት ጊዜ አቤት አሉ። ለካ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስመዘግብ የክርስትና ስማቸውን፣ ማክሰኞ ጣቢያው ሲመጡ ደግሞ የቤት ስማቸውን ሰጥተውኛል። እጄ ፊደል ሲለቅም ዓይኔ ከወረቀቱ አይነሣምና ማን ፊቴ እንደ ቆመ አላየሁም። አባ ገብረ ሕይወት፣ ክንዱ በጎቹን እንዲህ ቢያረባ የት በደረሰ ብለው ሳቁብኝ።

ተቆጣጣሪው ግን አልሳቀም። ሃያ ስምንት ናችሁ፤ ሐሙስ ስመለስ ሠላሳ ካልሞላችሁ ጣቢያው ይዘጋል፣ መማር የፈለገ ቡሬ ይሂድ አለ። ቡሬ ከዚህ በእግር ሁለት ሰዓት ነው፤ አራስና የምታጠባ በማታ አትሄደውም።

ጥፋቱ የእኔ ነውና ሰው ፍለጋ ወጣሁ። ጎረቤታችን ገብረሰንበት እህል ሲሸጥ ሚዛኑን ራሱ ማንበብ ስለፈለገ ባንድ ቃል እሺ አለ። ሠላሳኛዋ ባለቤቴ ያይኔአበባ ሆነች፤ ወድዳ፣ እየሳቀች ተመዘገበች።

ለጋሽ ደረሰ ጤና ይስጥልኝ ይበሉልኝ። ትሕትናን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ዘሚካኤልንም በርታ ይበሉት። ያይኔአበባ እጅ ነስታለች።

እትዬ፣ ከላይ አንዷን ነገር ግን ፈጥሬ ጽፌያለሁ። ያይኔአበባ ወድዳ አልተመዘገበችም፣ አልሳቀችምም። ስሟን ጽፌ ብነግራት፣ ትምህርት ባለበት ቀን ውኃውን ከምንጭ አንተ ተሸክመህ ካመጣህ እማራለሁ፣ አለዚያ ሰርዘኝ አለች። በዚህ መንደር ወንድ ውኃ ሲሸከም ታይቶ አይታወቅም። ሐሙስ ነገ ነው። ጀሪካኑን አጥቤ ደጃፍ አስቀምጫለሁ።

ከቡሬ ገጠር
ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.